ከትከሻው የተበደረው ክንድ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የኅዳር ውርጭ ያልታጨደውን ገብስ ጨው የነሰነሱበት አስመስሎት ነበር።

«ገናዦቹ ያዩትን ሰምተሻል?» አለች አመተሥላሴ፣ ንፍሮውን ከመዳፏ ወደ አፏ እየጣለች።

«ዝም በይ እቴ፤ ትሰማሻለች።»

«ትስማ! እኔ ምን ፈጠርሁ? ከወገቡ በታች ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ ነው ያዩት። ሰው በቁሙ ሲበሰብስ ሚስት የምትባለው የት ነበረች?»

ተሾመች ሰማች። ከድንኳኑ ጥግ፣ ከባሏ እናት ከወይዘሮ ጌታነሽ ጎን፣ መሬት ላይ በተነጠፈ አጎዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ነጠላዋ እስከ ዐይኖቿ ወርዷል። የሰልስቱ ዕለት ነው። አመተሥላሴ አጥር ብቻ የሚለያት፣ እሳት የምትጫጫራት ጎረቤቷ ናት። ተሾመችን ያስጨነቃት ግን የጎረቤቷ ምላስ አልነበረም። ሌላ ድምፅ ነበር።

ሰው ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሲቀመጥ፣ ወሬው ጋብ ሲል፣ ከቤቱ በኩል አንድ አጭር ትንፋሽ ይመጣል፤ ሸክም የሚያነሣ ሰው ትንፋሽ። «እህ።» ከዚያ የብረት ሲጥታ። ከዚያ ዝምታ። ባሏ ወንዳፈራሁ ሁለት ክንዶቹን የዊልቸሩ ክንድ ማሳረፊያ ላይ ተክሎ ገላውን ከመቀመጫው ስፖንጅ ላይ ሲያነሣ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ወንዳፈራሁ ደግሞ ተቀብሯል። ዊልቸሩም ባዶውን እልፍኝ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ያዞረችው እሷ ናት።

ወይዘሮ ጌታነሽ ደረታቸውን እየደቁ ያወርዳሉ፦

«ክምር ላይ ሲቆም ጉም የሚታጠቀው፣
ምን ይላል ገብሱ፣ ዛሬ ማን ጠበቀው?»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ተሾመች ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የሚወርደው ሙሾ ሁሉ ክምሩ ጫፍ ላይ ይቆማል። ከክምሩ ወድቆ ወንበር ላይ ለኖረው ሰው የሚያለቅስ አልተገኘም። እነሱ የቀበሩት ያኔ የወደቀውን ነው። እሷ የቀበረችው ሌላ ሰው ነው።

በእርግጥ በአገራቸው በዘመሮ ዙሪያ እንደ ወንዳፈራሁ ክምር የሚከምር አልነበረም። ነዶው ከታች ይወረወርለታል፤ እሱ ከላይ ይቀበልና ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ አድርጎ እየዞረ ይደረድረዋል። ዝናብ ቢውልበት ቢያድርበት አንዲት ዛላ አትሻግትም። የወደቀ ዕለት የመጨረሻውን ነዶ ጫፉ ላይ ሊሰካ ተንጠራርቶ ነበር። ሲወድቅ አልጮኸም። ታናሽ ወንድሙ እሱባለው ሮጦ በብብቱ ገባና ቀና አደረገው፤ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ውሃ ሊያጠጣው ታገለ።

«እግሬን የት አደረጋችሁት?» አለ ወንዳፈራሁ።

ሰዎቹ የቀለደ መስሏቸው ሳቁ።

የተሰበረው አንገቱ ላይ ነበር። ህብለ ሰረሰሩ ሲጎዳ እግሮቹ ጨርሰው ሄዱ፤ ጣቶቹም ተከተሉ። ክንዶቹ መታጠፍ ቀረላቸው እንጂ መዘርጋት እምቢ አሉ። በጀርባው ተኝቶ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ፣ ክንዱ ከክርኑ ይከዳውና መዳፉ ፊቱ ላይ ይወድቃል።

«አየሽ፣» ይላት ነበር፣ «የገዛ እጄ በጥፊ ይለኛል። ምን በድዬው ይሆን?»

ተሾመች እየሳቀች እጁን ከፊቱ ላይ ታነሣለታለች። ከዚያ ደጅ ወጥታ ታለቅሳለች። ክንዱ እስኪታከም ባሉት ዓመታት ሁሉ ቀን በቀን፣ ሌሊት በሌሊት ስታገላብጠው ኖረች፤ የማይሰማው ገላው አንድ ጎን ላይ እንዳይከርም። በቆዳው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብትታይ በመዳፏ ሸፍና እንደ እንቁላል ታሞቃት ነበር።

ረፋዱ ላይ ከመሐል ሜዳ የመጣ ሚኒባስ መንገድ ዳር አንዲት ወጣት አወረደ። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፤ እርሻውን አቋርጣ ስትመጣ ውርጩ ቀልጦ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ተሾመች ከሩቅ አወቀቻት። ሳሌም ናት፤ አዲስ አበባ፣ የክንዱ ቀዶ ሕክምና በተደረገበት ሆስፒታል፣ ወንዳፈራሁን ክንዱን መዘርጋት ያስተማረችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። ሳሌም ዝቅ ብላ የወይዘሮ ጌታነሽን ጉልበት ሳመች፤ ተሾመችን አቅፋ ብዙ ቆየች። ንፍሮ አቀረቡላት። አንድ ፍሬ ሳታነሣ እሱባለው ከወንዶቹ መካከል ተነሣ።

«እንኳን መጣሽ፣ ዶክተር።»

«ዶክተር እንኳ አይደለሁም።»

«ለኛ ያው ነሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እዚሁ፣ ሰው ፊት። የወንድሜን ደህና ትከሻ ቀደዳችሁ። ጥናት ነው አላችሁ። ይኸው ሞተ። የገደለው እሱ ነው?»

ሳሌም ዐይኗን ከእሱባለው ላይ አላነሣችም።

«አይደለም። ትከሻው ድኖ፣ በክንዱ ሲሠራበት ቆይቷል። የገደለው የመቀመጫ ቁስል ነው። የማይሰማ ገላ አንድ ቦታ ላይ ሲጫን ሥጋው ደም ያጣና ይቆስላል። ቁስሉ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ደሙን መረዘው።»

«ምን ያመጣዋል እንዲህ ያለውን?»

«አለመንቀሳቀስ ነው። በየጊዜው ካልተነሣ፣ የሚያገላብጠው ካላገኘ . . .»

እዚህ ላይ ቆመች። ዘግይታ ነበር። የድንኳኑ ዐይን ሁሉ ከእሷ ላይ ተነሥቶ ተሾመች ላይ ዐርፏል።

«እኔ ብናገር ምላሰኛ እባላለሁ፣» አለች አመተሥላሴ፣ ለማንም ሳይሆን ለንፍሮው።

ወይዘሮ ጌታነሽ ቀስ ብለው ዞሩ። ድምፃቸው የሙሾ ድምፅ አልነበረም፤ ደረቅ ነበር።

«ክንዱን አሠርተሽ የራስሽን እጅ ነሣሽው?»

ተሾመች መልስ ነበራት። አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

አዎ፣ ክንዱን ያሠራችው እሷ ናት። ሐኪሙ ሲያስረዳቸው አንዱንም ቃል አልዘነጋችም፤ የትከሻው የኋላ ጡንቻ ደህና ነው፣ ከእሱ ከፍለን በጅማት አስረን ክርኑን እንዲዘረጋ እናደርገዋለን፣ ሁለቱንም ክንድ በየተራ፣ እዚህ አገር ገና በጥናት ላይ ያለ ነው፣ ላይሠራም ይችላል። ወይዘሮ ጌታነሽ ይህን ሲሰሙ፣ «የደህናውን በሬ ቆዳ ገፎ ለሞተው ማልበስ ነው!» ብለው ነበር። ወንዳፈራሁም እምቢ አለ። እሺ ያሰኘችው ተሾመች ናት።

ፋሻው ሲፈታ ክንዱ እንደ በፊቱ ተንጠልጥሎ ቀረ። ያን ጊዜ ሳሌም መጣች። ክንድህን ዘርጋ ብላ አታውቅም። «ትከሻህን ወደ ኋላ ሳበው፤» ትለዋለች። «ጡንቻው አሁንም ትከሻ መስሎታል። ወደ ኋላ እንደምትስብ አስብ፤ እጅህ ወደ ፊት ይሄዳል።»

«ይህቺ ልጅ ሞፈሩን ከበሬው ፊት ልትጠምድ ነው፣» ይል ነበር ወንዳፈራሁ። ያም ሆኖ ሳበ። ሳምንታት ወደ ኋላ ሳበ። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ሄዶ ሄዶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ውሃው ፈሰሰ። ወንዳፈራሁ ክንዱን አየ፤ ክንዱ ተዘርግቷል።

«ተሾመች፣ አንሺ፣» አላት። «ከእንግዲህ የምደፋ እኔ፣ የምታነሺ አንቺ።»

ወደ አገሩ ሲመለስ በጀርባው ተኝቶ እጁን ወደ ጣሪያው አቀና፤ እጁም አልወደቀበትም። በዓመቱ ኅዳር ዊልቸሩን አውድማው ዳር አስቆመና ለከማሪዎቹ ክንዱን ዘርግቶ መሪ ሆነ። «ወደ ቀኝ! ዛላውን አስገባው፣ ለወፍ ግብር ልታበላ ነው?» መጀመሪያ ሳቁበት። ኋላ ግን ነዶው ሁሉ ክንዱ ባመለከተበት ዐረፈ።

ሳሌም እጀታው ረጅም የሆነ መስታወትም ሰጥታው ነበር፤ ከበስተጀርባው ያለውን ቆዳ በየቀኑ ራሱ እንዲያይ። ቤት የገቡ ዕለት ተሾመች ልታገላብጠው ብትመጣ በዚያ አዲስ ክንዱ ደረቷን ገፋ አደረጋት።

«ከዛሬ ጀምሮ ጀርባዬ የእኔ ነው። አንቺ ስንት ዓመት አረስሽው፤ ይረፍ።»

ሳቀች። እሺም አለች። ከዚያ ወዲህ፣ ፈቃዱ ነውና፣ ገላውን አላየችም። ዘንድሮ ትኩሳቱ ሲያነደው ልብሱን ብትገልጥ፣ በመዳፉና በጥርሱ ታግሎ የለጠፈውን ፋሻ አገኘች። አይቶት ኖሯል። «ለምን ደበቅኸኝ?» ስትለው፣ «ትንሽ ነበረች፤ ራሴ ላድናት ብዬ» አላት። መሐል ሜዳ ሆስፒታል አደረሱት፤ አልተረፈም።

ይህን ብትናገር ነፃ ትወጣለች። እሱ ግን እንደገና ከክምሩ ይወድቃል፤ አገሩ ፊት። ይህቺን ጀርባዬ የእኔ ነው ያለባትን ዘመን ይወስዱበትና፣ «ራሱን የማይችል ሰው ራሴን ልቻል ብሎ ሞተ» ይሉታል፤ በዚያች ቃል ይቀብሩታል።

ተሾመች ነጠላዋን ወደ ታች ሳበች። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች።

ሳሌም እልፍኝ ድረስ ተከትላት ገባች።

«ይቅር በይኝ። ለትከሻው ስከራከር አንቺን ረሳሁሽ።»

«የተናገርሽው እውነት ነው።»

«እውነት ነው፤ ግን መሆን አልነበረበትም። ራሱን ሲያነሣ በዐይኔ አይቻለሁ። ስፖንጁም ለእሱ የተለካ ነው። እስቲ ልየው።»

ዊልቸሩን ከግድግዳው መለሰችው። ተሾመች ወንበሩ ሲዞር ፊቷን መለስ አደረገች። ሳሌም መዳፏን ስፖንጁ ላይ ዘርግታ ጫን፣ ጫን አደረገች። በስተግራ በኩል እጇ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

በጨርቁና በስፖንጁ መካከል ነበር። ስፌቱን በጣቷ ፈልቅቃ አወጣችው፤ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር። ሲፈታ ጥቁር ጓል ሆኖ ተገኘ። ጠርዙ ጥፍር ይሰብራል።

«አፈር ነው፣» አለች ሳሌም። «እርጥበት አግኝቶት፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ይህ ላይ ነው የተቀመጠው? ስንት ወር?»

ተሾመች የምታየው ጨርቁን ነበር። ከነጠላ ጫፍ የተቀደደ ነው፤ አረንጓዴ ጥለት አለው። የወይዘሮ ጌታነሽ የቤተ ክርስቲያን ነጠላ። በፍልሰታ ጾም ወደ መርሐቤቴ ቆላ፣ ወደ ጻድቁ ገዳም ወርደው ነበር፤ በዚያ ጉልበታቸው። ሲመለሱ፣ «እኔ ለልጄ ምን ሠራሁለት? የመቀመጫውን ልብስ እንኳ ልጠብለት» ብለው ጨርቁን ገፈው ወስደው፣ አጥበው፣ መልሰው በእጃቸው ሰፉት። ተሾመች መርፌውን ክር አስገብታ ሰጥታቸዋለች።

ሳሌም ተነሣች። «አሁኑኑ ወጥቼ ለሁሉም እነግራለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ተሾመች በሩ ላይ ቆመች።

«አትነግሪም።»

«ጥናቱ ላይ መግባት አለበት። ሌላ ሰው እንዳይሞትበት።»

«ይግባ። ላገሩ እናት ሁሉ ንገሪ፤ ይችን እናት ግን ተያት።»

«አንቺስ? ዕድሜሽን ሙሉ ባሏን ያበሰበሰች ሲሉሽ?»

«የሰው አፍ ቢያንስ ማታ ማታ ይተኛል። የራስ አፍ አይተኛም።»

ተሾመች ጓሉን ከሳሌም እጅ ወሰደችው። ሆስፒታል ሳሉ ሐኪሙ፣ እንዲያ የወደቀ ሰው በብብቱ ተይዞ ቀና መደረግ አልነበረበትም፣ የቀረውን ህብለ ሰረሰር ያኔ ጎድታችሁት ይሆናል ያላቸው ቀን ትዝ አላት። «እሱባለው ነው!» ብላ ነበር ሳይታወቃት። ወንዳፈራሁ ሐኪሙ እስኪወጣ ጠበቀ። «የሚያነሣኝ ወንድም ነበረኝ፤ እሱ ነው እውነቱ፣» አላት። «ከዚህ በር የሚወጣ ሌላ ቃል እንዳልሰማ።» እሱባለው ዛሬም ድረስ ወንድሙን ያነሣው እሱ መሆኑን በኩራት ይናገራል።

የምርኩዝ ድምፅ ከደጅ ተሰማ። ወይዘሮ ጌታነሽ በአመተሥላሴ ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ወደ ውስጥ አልዘለቁም። ተሾመች ጓሉን ነጠላዋ ውስጥ ጨበጠች።

«ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣» አሉ አሮጊቷ። «ከልጄ መቀመጫ ያኖርሁት የጻድቁ አፈር አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀው እሱ ነው። አውጥተሽ ስጪኝ፤ መቃብሩ ላይ ይደረግለት።»

ሳሌም ተሾመችን አየቻት።

«ይቀመጡ እማማ፣» አለች ተሾመች። «ቋጠሮው ስፌት ውስጥ ነው፤ ፈትቼ አመጣልዎታለሁ።»

ወደ ጓዳ ገባች። ወፍጮው ላይ የተደፋውን ቁና አነሣች፤ ድንጋዩን በነጠላዋ ጠረገች። ጓሉን አስቀምጣ መጁን አሳረፈችበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሸሸ፤ ከዚያ ሰጥ ብሎ ተሰነጠቀ። ተንበርክካ ትፈጭ ጀመር።

በዚያ አገር ሐዘን የገባበት ቤት አይፈጭም። ጎረቤት ያበላል፤ ወፍጮ ዝም ይላል። የመጁ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ሙሾው ቆመ።

«የምን ወፍጮ ነው? በሰልስት?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ማን ይሆናል ብለው ነው?» አለች አመተሥላሴ ከእልፍኙ በር። «እሷ ናት እንጂ! ባሏ መቃብር ውስጥ ሳይቀዘቅዝ ለሆዷ ትፈጫለች። ኧረ ምን ጉድ ነው ዘንድሮ!»

እሱባለው «እትዬ! እትዬ ተሾመች! ኧረ ሰው ምን ይላል?» እያለ ከደጅ ተጣራ።

ተሾመች አላቆመችም። ትከሻዋን ወደ ኋላ ትስባለች፤ እጇ ወደ ፊት ይሄዳል። አፈሩን በሁለት ጣቷ አንሥታ አሸችው፤ ገና ይቆረቁራል። ደግማ ፈጨችው። ደግማ አሸችው። የሚቆረቁር ነገር እስኪጠፋ ድረስ ይህንኑ አደረገች። ሲበቃት በመጥረጊያ እስከ መጨረሻዋ ብናኝ ጠርጋ፣ በዚያው ጥለት ባለው ጨርቅ፣ በዚያው አቋጣጠር ቋጠረችው።

ወይዘሮ ጌታነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ቋጠሮውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ ፈቱት። ጣታቸውን አስገቡበት፤ እዚያው ቆየ።

«ልም ነው፣» አሉ። «ከገዳሙ እንደ ሰጡኝ ነው ያለው።»

«አዎ እማማ። እንደ ሰጡዎት ነው።»

አሮጊቷ ጣታቸውን አውጥተው ግንባራቸው ላይ መስቀል አበጁ። ከዚያ ዐይናቸውን አነሡ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ እንዳለ ነበር። ተሾመች ተንበረከከች። ለሦስት ቀን ያልተነሣውን ነጠላ ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ራሷን ዝቅ አደረገች። የወይዘሮ ጌታነሽ ጣት አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወርዶ ግንባሯን ነካ።

የተረፈው አፈር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ላይ ተበተነ።